ሆዳቸውን ያጸዱት ጋሽ መኮንን

ለትንሹም ለትልቁም አንቲባዮቲክ የሚውጥ ሰው በሰፈራችሁ የለም? በእኔ ሰፈር፣ ናይሮቢ ካሳራኒ፣ አለ፤ ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን። ሥራቸው ልብስ መነገድ ነው፤ ሐኪምነቱን ራሳቸው ለራሳቸው ሰጡ። ሆዳቸው ሲጮህ ይውጣሉ፤ ማታቱ ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው ሰው ሲያስልም ይውጣሉ። «ጀርምን ቀድመህ ካልገደልከው ይገድልሃል» ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ተቅማጥ ያዛቸውና ሦስት ሳምንት አልለቅ አላቸው። እንክብል ሲጨምሩ ባሰባቸው። ደግፌ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ እዚሁ ናይሮቢ ያደገች የአገራችን ልጅ ናት። የዋጡትን ሁሉ ጠይቃ ከሰማች በኋላ እንዲህ አለቻቸው፦

«ጋሼ፣ አንጀት ውስጥ የሚኖር ተህዋሲ ሁሉ ጠላት አይደለም። በአንጀትዎ ግድግዳ ላይ ያሉት የበሽታ ተከላካይ ሴሎች ማንን እንደሚዋጉና ማንን እንደሚተዉ የሚማሩት ከተህዋስያኑ ጋር እየኖሩ ነው። ይበልጡን የሚማሩት ደግሞ በልጅነት ነው። ተህዋስያኑን በከንቱ ሲፈጇቸው ትምህርቱ ይዛባል።»

ይከራከራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ተናዘዙ።

«ዶክተር፣ ለትንሿ ልጄም ስሰጣት ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጡት ከጣለች ጀምሮ። እንዳትታመምብኝ ብዬ እኮ ነው።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ፖሌ፣ ጋሼ» አለች በስዋሂሊ እያጽናናች። «ነገ ይዘዋት ይምጡ። ልጅ ናት፤ ገና ጊዜ አላት።»

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ልጅቷን አዝለው በየደረጃው እያረፉ ይወርዳሉ። እኔ ልያዝልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ።