ሱባኤ የገባው ቲማቲም

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ቢመስላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ስድስተኛን ጨርሼ ቤት የዋልሁ ልጅ ነኝና ከዚህ በላይ አትጠብቁብኝ።

ሰው የሚያምነው ዓይኑን ነው። ቅጠል ላይ ነጭ ነገር ካየ መድኃኒት አለ ይላል፤ ካላየ የለም ይላል። በዚህ አያያዝ ጉንፋንም የለም ማለት ነው።

በዚያ ክረምት ጣና ዳር ያለችው ጓሯችን ውስጥ የቲማቲሙ ቅጠል እየጠቆረ ይደርቅ ጀመር። አባቴ ፋብሪካ ስለሚውል ጓሮው የእናቴ ነው፤ እናቴ ደግሞ ያን ቲማቲም ለፍልሰታ ገበያ ነበር የምታሳድገው። በጾም ቲማቲም ይነግሣል። (ንጉሡ ወርደዋልና ይህን ቃል ለቀበሌ አትንገሩብኝ።)

ጾሙ ሊገባ ሲል ከግብርና አንድ ወጣት ባለሙያ መጣና መርጫውን እንደ ሕፃን አዝሎ ነጭ መድኃኒት ረጨልን። እናቴ ገበያ ነበረች፤ ማብራሪያው ለእኔ ደረሰ።

«ይኼ ሻጋታውን ይገድላል፤ ለሆድ ግን አይሆንም» አለኝ። «ፍሬው ላይ ያለውን ፀሐይ እያደከመች ትፈታዋለች። ዝናብ ያጠበው አፈር ይገባል፤ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፣ እነሱ ቀስ እያሉ ይበሉታል። ነጩ ስለጠፋ አለቀ እንዳትሉ። ቶሎ ከለቀማችሁ የእነሱን ድርሻ እናንተ በላችሁት ማለት ነው።» ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብንም ነገረኝና «ለእናትሽ ንገሪ» ብሎ ሄደ።

አልነገርኋትም። ማታ እነግራታለሁ ስል ነጋ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል መሸ።

ፍልሰታ በገባ ማለዳ ጎረቤታችን መሪጌታ ትልቅ ቅርጫት ይዘው መጡ። ቅርጫቱ ለሚያስተምሯቸው ልጆች ሁሉ ነው።

«ነጩን ዝናብ አጥቦታል» አለች እናቴ። «ለየኔታ ቀይ ቀዩን ልቀሚላቸው።»

የልጆቹን ሆድ ሳስበው ቅርጫቱን መቀበል አቃተኝ። ተገትሬ ቀረሁ።

«ምን ያስገትርሻል?»

«ሱባኤ ገብቷል» አልሁ።

«ማን?»

«ቲማቲሙ።»

እናቴ ፊቷ ጠቆረ። የኔታ ግን ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡና «እስቲ ተናገሪ ልጄ» አሉኝ። በዕድሜዬ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም፤ ፀሐይዋንም፣ አፈሩንም፣ የማይታዩትን በላተኞችም ዘረገፍሁላቸው። እስከ ጾሙ ፍቺ አትንኩት ተብሏል ብዬ ጨረስሁ።

«እነዚያ አፈር ውስጥ ያሉት በፍልሰታም ይበላሉ?»

«አዎ የኔታ።»

«እንግዲህ እነሱን የሚገሥጽ ቄስ አልደረሰላቸውም ማለት ነው።» ባዶ ቅርጫታቸውን አነሡ። «ሱባኤ የገባን ሰው በሩን እንኳ አናንኳኳበትም። እኛ በሽሮ እንውላለን።»

መሪጌታ ከተቀበሉት ማን ይከራከራል? እናቴም ዋጠችው። ቲማቲማችን ከሱባኤ የወጣው ግን አገሩ ሁሉ ዶሮ ባረደ ዕለት ነው፤ ዞር ብሎ ያየው ገዢ አልነበረም። ቁርሳችንም ምሳችንም ቲማቲም ሆነ። እናቴ ያን ሰሞን የምታነጋግረኝ በአባቴ በኩል ነበር፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ልጅህን ድስቱን ታምጣ በላት» ትለዋለች።

ነገሩ ግን ሥር ሰደደ። ዓባይ ማዶ ያሉት አትክልተኞች ሳይቀሩ መድኃኒት በተረጨ ቁጥር ቲማቲሙን እንደ ፍልሰታ አሥራ አምስት ቀን ሱባኤ ያስገቡታል። የአትክልተኞቹ ማኅበር ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ «ሱባኤ አይባልም ጓዶች፣ የመታቀቢያ ጊዜ ነው የሚባለው» ብሎ ቢቆጣ፣ ሴቶቹ አጨብጭበውለት ሲወጡ «የሱባኤው መታቀቢያ መቼ ያበቃል?» እየተባባሉ ሄዱ። ለምን ያን ያህል ቀን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በዚህ ዘመን መመሪያ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

የሚያርመንም አልተገኘም፤ ባለሙያው በዚያው ሰሞን ወደ አንበሳሜ ተዛወረ። እናቴ ስሙ በተነሣ ቁጥር «ያ ገበያዬን የዘጋብኝ» ትለዋለች።

ለማንም ያልነገርሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ሰውየው ስንት ቀን እንዳለኝ አላውቅም። ሲናገር ግራ ጉንጩ ይሰረጉድ ነበር፤ ቀኑን ሲነግረኝ እኔ ስርጉዱን ሳይ ነበር።