ሊቀ ሌንስ ላይል እና ብርቱካናማው ሰደርያ

የአውሮፕላን ትርዒት ባለበት ሁሉ መሰላል ይዞ የሚመጣ አንድ ሰው አለ። አላውቀውም የምትሉ ከኋላው ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ከትርዒቱ አጥርታችሁ ያያችሁት የአንድ ሰው ሱሪ የኋላ ኪስ ብቻ ከሆነ፣ ያ እሱ ነው።

የእኛው የኦስተርዴል ከተማ ሰው ሊቀ ሌንስ ላይል ቫንደርስሎት ይባላሉ። ማዕረጉን በዚህ የጋዜጣ ዓምዴ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚሰጣቸው አልተገኘም። ሠላሳ ዓመት በእህል ጎተራው ሚዛን ላይ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ በቆሎ አንድ ቃል ሲተነፍሱ የሰማ የለም። በቆሎ በሞላባት አይዋ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በነሐሴ መጀመሪያ ቅዳሜ የአየር ማረፊያው በር የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሊቀ ሌንስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምረው በሩ ላይ ተገትረዋል፤ በአንድ ትከሻቸው መሰላል፣ በሌላው ክንዴን የሚያህል ሌንስ። በሩ ሲከፈት ለዕድሜያቸው የማይመች ሩጫ ይሮጣሉ። መሰላሉን አጥሩ ሥር ይተክላሉ፣ ይወጣሉ፣ በቃ እስኪመሽ አይወርዱም።

“ወዳጄ፣ ትንሽ ዝቅ ብትልልን?” ይላል ከኋላ የቆመ ምስኪን።

“እኔ እዚህ ስቆም አንተ አልጋህ ውስጥ ነበርክ።”

“አውሮፕላኑ እኮ ያለው ሰማይ ላይ ነው። ሁለት ክንድ ከፍ ብትል ምን ይጠቅምሃል?”

“አጥሩ ፎቶዬ ውስጥ ይገባል።”

“አንተም የእኔ ውስጥ ገብተሃል።”

ሊቀ ሌንስ ጆሯቸውን ቀና ያደርጋሉ። አንድ ሞተር ከሩቅ ተሰምቷቸዋል፤ ከዚህ በኋላ መሰላሉ ቢቃጠልም አያውቁትም።

ዋና ጠላታቸው ፀሐይ ናት። “ብርሃኑ ከፊት ነው” ይላሉ፣ ሌላው ሰው የጥርስ ሕመሙን በሚናገርበት ድምፅ። የእኛ መንደርደሪያ ሲሠራ ሊቀ ሌንስን ያማከራቸው ስላልነበረ ተመልካቹ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ፊቱ ላይ ታርፍበታለች። ይህን ስሕተት ለማረም ለአየር ማረፊያው ኮሚቴ አሥራ አራት ደብዳቤ ጽፈዋል። መፍትሔያቸው ሕዝቡ ሁሉ ከመንደርደሪያው ማዶ ይቁም የሚል ነው። ማዶ ያለው የሰው በቆሎ ነው ብሎ ኮሚቴው ሲመልስላቸው፣ “ባለቤቱን ጠይቃችሁታል?” የሚል አሥራ አምስተኛ ደብዳቤ ላኩ።

በአንድ ቀን አራት ሺህ ፎቶ ያነሳሉ። መከራው ግን የሚመጣው በማግሥቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምሳ ሲቀርብ ነው። ኮምፒውተራቸውን ከድንች ሰላጣው አጠገብ ይከፍቱና “ልዩነቱን አያችሁ?” ይላሉ። ማንም አላየም። “እዚህ ላይ እኮ ጎማው ገብቷል። እዚህኛው ላይ ገና ሊገባ ነው።” ያን ጊዜ ግማሹ ምእመን ውሻውን እንዳላበላ ትዝ ይለዋል።

የእህታቸው ልጅ ስታገባ ፎቶ አንሺው እሳቸው ነበሩ። ሠርጉ ደጅ ነበር። ሙሽራው ቀለበቱን ሲያወጣ የሰብል መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ዛሬ እነዚያ ባልና ሚስት የቀለበታቸው ፎቶ የላቸውም፤ የአንድ ቢጫ አውሮፕላን ሠላሳ ስድስት ፎቶ ግን አላቸው። “ብርሃኑ ግሩም ነበር” ብለው ሊያጽናኗት ሞክረዋል።

ሃይማኖታቸው አንድ አንቀጽ አላት፤ ሰው ፎቶ ያበላሻል። ባለቤቴ ዱዌን ደግሞ ሰው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በየነሐሴው በዚያ ሜዳ ላይ በበጎ ፈቃድ ሠርቷል። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ከአውሮፕላኖቹ ጎማ ሥር ታኮውን ያወጣል፤ ከዚያ እጁን አንሥቶ ሂድ ይላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በትክክል በሊቀ ሌንስ ፊት ለፊት ነው። “አንተ ብርቱካናማው! ወደ ግራ!” እያሉ ከመሰላሉ ላይ ይጮኻሉ። ዱዌን ማታ ቤት ሲገባ ቦቱን እያወለቀ “ላይል ዛሬም ሰደበኝ” ይለኝ ነበር። ደስ ብሎት ነው የሚለው።

ዱዌን ባለፈው ጥቅምት አረፈ። ስለዚያ ብዙ አልልም።

ሊቀ ሌንስ ለቅሶ ሊደርሱኝ ከረባት አሥረው መጡ። እጄን ያዙና፣ “ጥሩ ሰው ነበር” አሉ። “አንድ እርምጃ ወደ ግራ ቢቆም ኖሮ ደግሞ…” ብለው እዚያ ላይ አቆሙ። እህቴ ክርኔን ያዘችኝ። ድንች ጨለፍኩላቸውና፣ እኚህን ሰው ሁለተኛ አላናግርም አልኩ በልቤ።

በሚያዝያ ኮሚቴው ዱዌን ሥራ ላይ እያለ የተነሳውን ፎቶ የአውሮፕላኖቹ መጠለያ ውስጥ ሊሰቅል ጠየቀኝ። መሳቢያውን ሁሉ ገለበጥኩ። ዱዌን ዓሣ ይዞ አለ፣ ዱዌን በጠባብ ሱፍ አለ፣ ዱዌን ሶፋ ላይ ተኝቶ አለ። ሜዳው ላይ የቆመበት አንድም የለም። ያን ሁሉ ዓመት እኔ በቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን ፍራፍሬ የሞላበት ፓይ ስሸጥ ነበር፤ ድንኳኑ ደግሞ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ነው የሚተከለው። ጠዋት እሸኘዋለሁ፣ ማታ ፀሐይ የበላው አንገቱን ቅባት እቀባዋለሁ። በመሃል እንዴት እንደሚቆም፣ እጁን እንዴት እንደሚያነሳ፣ አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አላየሁም። ኮሚቴው ባይፈልገውም እኔ ፈለግኩት።

ያንን ቦታ ሃያ ሁለት ዓመት ዓይኑን ሳይነቅል ያየ ሰው በአውራጃችን አንድ ብቻ ነው። የቼሪ ፓይ ጋገርኩና ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሄድኩ። በአካል ስንገናኝ እንደ ጎረቤት አንተ አንቺ ስለምንባባል፣ አንቱታውን ደጅ ትቼው ገባሁ።

ላይል ምድር ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ነበር።

“ዱዌን ያለበት ፎቶ ይኖርሃል?” አልኩት።

“እኔ ሰው አላነሳም፣ ኮሪን። ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ። ሳታስበው የገባ ካለ ብዬ ነው።”

“ሳላስበው?” አለ ቅር ብሎት። “ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እያሰበበት ነው እንጂ የገባው።” ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። “የተበላሸ ፎቶ አልጥልም።”

“ብርቱካናማው” የሚል ፎልደር ከፈተ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ።

አንድ በአንድ እያሳየ ዱዌንን ከሰሰልኝ። “ይሄ ሙስታንግ የሚባለው ተዋጊ አውሮፕላን ነው፣ ቁጥሩ በሰባ አራት የሚያልቀው። የዱዌን ጭንቅላት ጭራው ላይ። ይሄ ከኦማሃ የመጣው ማሠልጠኛ አውሮፕላን፤ ክርኑ ሞተሩ ላይ። ይሄን እይው፣ እንዲህ ያለ ብርሃን በአሥር ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው፤ መቀመጫው ክንፉ ላይ።”

እኔ ክንፉን አላየሁም። ዱዌን ተንበርክኮ ታኮውን ሲስብ፣ ዱዌን ለአብራሪው አውራ ጣቱን ሲያነሳ፣ ዱዌን ወገቡን ይዞ አፉን ከፍቶ ሰማይ ሲያይ አየሁ። አንዱ ላይ ከእሳት አደጋው መኪና ጀርባ ቆሞ የእኔን ፓይ በእጁ ይበላል። ማታ ማታ “እህል በአፌ አልዞረም” ይለኝ ነበር፤ እኔም እራት ሁለቴ አሞቅለት ነበር።

“ሦስት ቁራሽ ነው የበላው” አለ ላይል። “ሰዓቱ ፎቶው ላይ አለ።”

ወደ ባለፈው ዓመት ደረስን። ያኔ ዱዌን ታሞ መንበርከክ ስላቃተው፣ ሌሎች ታኮውን ሲያወጡ እሱ ወንበር ላይ ሆኖ ምልክቱን ብቻ እንዲሰጥ ተፈቅዶለት ነበር። ለእኔ “ጥላ ሥር ነው የምቀመጠው” ብሎኛል። ፎቶው ላይ ጥላ የለም። ሰደርያው ሰፍቶታል። የሰደርያው ስፌት ሳይቀር ይቆጠራል፤ አውሮፕላኑ ግን ከኋላው የፈሰሰ ቀለም ይመስላል። ቀጣዩም እንደዚያው ነው። የሚቀጥለውም።

“እነዚህ ምን ሆነው ነው?”

“ትኩረቱ ስቷል።”

“ሁሉም?”

“ሌንሱ አንዳንዴ ቅርብ ያለውን ይይዛል።”

“አርባ ጊዜ?”

ላይል መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። “አሮጌ ሌንስ ነው” አለ።

ሌንሱን የገዛው በዚያው ዓመት ፋሲካ ላይ ነበር። ከተማው ሁሉ ተጠርቶ ነክቶታል።

ከመጨረሻዎቹ አንዱን መረጥኩ። ዱዌን ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ቀኝ እጁን አንሥቷል፣ መዳፉ ተዘርግቷል። ሥራ ላይ ነው።

“ይሄ እኮ ፎቶ አይባልም፣ ኮሪን። ይሰቀል ስትይ ሰው ምን ይለኛል?”

“ይሄን ነው የምፈልገው። ከኋላው ያለው አውሮፕላን የትኛው ነው? ኮሚቴው ከሥሩ ሊጽፈው ይፈልጋል።”

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብሎ ያንን የፈሰሰ ቀለም ብዙ ጊዜ አየው። ቀኑን አየ፣ ሰዓቱን አየ።

“አውሮፕላኑን አላየሁትም” አለ።

ፓዩን ቆረስኩለት። ይህን እንዳለኝ፣ መሰላል ይዘው አጥሩ ሥር ለሚቆሙት ባልንጀሮቹ እንዳልናገር ቃል አስገባኝ። ስለ ጋዜጣ ግን ያነሳው ነገር የለም።