ፌጦ የጨረሰው ሽምግልና

እስቲ ቦሌ ሚካኤል መንገድ ዳር ቆማችሁ አንዴ ሳሉ። መድኃኒት ሳይታዘዝላችሁ ታክሲ ከተሳፈራችሁ፣ ከሱቄ የመረጣችሁትን መጋረጃ በነፃ ውሰዱ።

ሰሞኑን ድምፄ ተዘጋ። ያውም መቼ? ለእህቴ ልጅ ሚስት ልጠይቅ ሽማግሌ ሆኜ በምሄድበት ዕለት! የነጋዴ ምላስ አለው ተብዬ ነበር የተመረጥኩት። ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ምች ነው!" ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። ልብስ ሰፊው ደግሞ "የምን ምች! ብርድ ነው" ብሎ ነጭ ሽንኩርት አስቆረጠመኝ። ድምፄ ወይ ፍንክች! ሽታዬ ግን ከእኔ ቀድሞ ሩዋንዳ ሰፈር፣ የልጅቷ አባት ቤት ገባ።

ሰውየው ሽማግሌ በማመላለስ የታወቁ ናቸው። ኮስተር ብለው "ምን እግር ጣላችሁ?" አሉ። አፌን ስከፍት ዘይት የናፈቀው የበር ማጠፊያ ድምፅ ወጣ። አብረውኝ የመጡት ሽማግሌዎች ወለሉን አዩ።

አባትየው ግን ጠጋ አሉኝ። "ምን ወሰዱበት?"

"ዳማከሴ... ነጭ ሽንኩርት" አልኩ በሹክሹክታ።

"ኤዲያ! ማነው እንዲህ የተጫወተብዎት? ፌጦ ነው እንጂ!"

ራሳቸው ጓዳ ገብተው ፌጦ በሎሚ በጥብጠው አመጡ። ጨለጥኩት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"እህሳ?"

ሻጭ ዕቃውን ሲያመሰግኑለት ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

"ተሻለኝ!" አልኩ፣ በዚያው በተዘጋ ድምፅ።

ፊታቸው በራ። "ምክር የሚሰማ ቤተሰብ ማለት ይሄ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ!"

ድምፄ ከቀናት በኋላ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። አደራ፣ ይህንን ለአባትየው እንዳትነግሩብኝ፤ ሠርጉ ገና ነው።