ሰው የማይለዩት ሊቀመንበር

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ የአንድ ሰፈር እድር ጉዳይ ለአንባቢ ምን ይረባል? ግን «እኔ ሰው አልለይም» እያለ የሚለይ ሰው አላጋጠማችሁም? እኔን ቀበና ላይ አጋጥሞኛል።

ሕግ መማር በጀመርኩበት ዓመት ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ እድር ለመግባት ጠየቁ። ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ እናታቸው በጠና ስለታመሙ ቀባሪ እንዳያጡ ፈርተዋል። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ በላቸው በስብሰባው መካከል ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዙፋን ችሎት ላይ የተሰየሙ ይመስል ፈረዱ።

«ሸክላ ሠሪ አናስገባም። ዓይናቸው ያስፈራል።»

«ጋሼ፣ ይህ እኮ አድልዎ ነው» አልኩ በትሕትና።

«የምን አድልዎ? አንዷን አስገብቼ ሌላዋን ብመልስ ነበር አድልዎ። እኔ ሁሉንም እኩል ነው የምከለክለው! ተማሪ ቤት ይህን አላስተማሩህም?»

ተጨበጨበላቸው።

ሕግ መለየትን ሁሉ እንደማይከለክል አስረዳሁ። እድሩ የሌላ ሰፈር ነዋሪን ቢመልስ በቂ ምክንያት አለው፤ ሸክላ መሥራት ግን ከቀብር ጋር ምን ያገናኘዋል?

አቶ በላቸው ጥቂት አሰቡና «እሺ፣ ይጠና» አሉ።

ሲጠና ክረምት ገባ። እናትየው በሐምሌ ዝናብ ሞቱ። ከእንጦጦ የወረዱ ጥቂት ዘመዶቻቸው አስከሬኑን ተሸክመው በጭቃው እየዳከሩ ሲያልፉ፣ አቶ በላቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለማንም አስከሬን ያወልቃሉ፤ በዚህስ አይታሙም።

እድሩ ወይዘሮ አስካለን የተቀበለው፣ ጥናቱ ተጠናቆ፣ በ1957 ዓ.ም. የመስቀል ማግስት ነው።