ወሰን ያለፈው ማጨጃ

ሰው በተማረ ቁጥር የማያውቀውን ነገር ይጠየቃል። እኔ ደብረ ታቦር ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። የባለቤቴን ዘመዶች ግን ይህ አሳስቧቸው አያውቅም። በሬ ሲታመም ይደውላሉ፤ መጥሪያ ሲደርሳቸው ይደውላሉ፤ ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽም ይደውላሉ። አላውቅም ብል እውቀት የሰሰትኩ ይመስላቸዋል። ስለዚህ እመልሳለሁ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ጥቅምት ማለቂያ ላይ የደወለው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ታደሰ ነው። ጉና ሥር፣ ከገሳይ ወረድ ብሎ ያለውን የሣር መሬቱን በትራክተር ሊያሳጭድ አስቧል። ትራክተር የሚያከራየው ሰው ሦስት ዓይነት ማጨጃ እንዳለው ነግሮት የትኛውን ልግጠምልህ ቢለው፣ አማቼን ሳልጠይቅ አልወስንም ብሎ ነው የደወለው።

ታደሰ ትራክተር የፈለገው ዘመናዊ መሆን አምሮት አይደለም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ከታናሽ ወንድሙ ከምናለ ጋር አይነጋገሩም። የሣር መሬቱ ለሁለት ሲካፈል ወሰኑ የት ላይ እንደሚያልፍ መስማማት አቃታቸው። አንዱ የወሰኑ ድንጋይ ተነቅሏል ይላል፤ ሌላው ከጥንትም እዚሁ ነበር ይላል። ነገሩ በሽማግሌ እጅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀድሞ ያ ሣር የሚታጨደው በደቦ ነበር። አሁን ግን ዘመዱ የሁለቱም ዘመድ ነውና፣ ለአንዱ ማጭድ ይዞ መውጣት ሌላውን ማስቀየም ሆነ። ታደሰ ሲጠራ አንዱን ወገቡን አመመው፤ ሌላው ለቅሶ ሄደ፤ የቀረው ስልክ አላነሳም። ምናለ ሲጠራም እንደዚያው። ሣሩ እንደቆመ መድረቅ ጀመረ። በጋውን ከብቶቹ ምን ሊበሉ ነው? ባለቤቴ የሺ ስለ ከብቶቹም ስለ ወንድሞቿም እያሰበች ከሳች።

ፈቃድ ወስጄ ከየሺ ጋር ገሳይ ሄድን። ማጨጃዎቹን እጄን ወደኋላ አጣምሬ፣ ነገሩ እንደገባው ሰው ዞርኳቸው። አንደኛው ሣሩን ከትፎ የሚበትን ነው። ቁጥቋጦ ለማጽዳት ይሆን ይሆናል፤ ድርቆሽ ለሚከምር ሰው ግን አይሆንም፤ የተከተፈ ሣር በመንሽ አይነሣም። ሁለተኛው ከሥሩ የሚሽከረከሩ ስለቶች አሉት። ፈጣን ነው፤ ግን የጉና ሥር መሬት ድንጋያም ነው፤ ድንጋዩን አፈናጥሮ ማንን እንደሚመታ ማን ያውቃል? ሦስተኛው እንደ መቀስ የሚላወስ ጥርስ የተደረደረበት ረጅም ብረት ነው። ከትራክተሩ በስተቀኝ ተዘርግቶ ሣሩን ከሥሩ ይቆርጥና እንዳለ ያስተኛዋል። ይህ ይሁን አልኩ።

ምርጫዬ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ስለ ሣሩ በደንብ አስቤያለሁ። ያላሰብኩበት «በስተቀኝ ተዘርግቶ» የሚለው ነው።

ሾፌሩ ከወሰኑ ዳር ጀመረ። ታደሰ የኔ ነው የሚለውን መስመር አሳይቶት ስለነበር የቀኙን ጎማ ልክ በመስመሩ ላይ ነዳው። ጎማው ከታደሰ መሬት ንቅንቅ አላለም። ብረቱ ግን ከጎማው አልፎ የምናለን ሣር እያጨደ ሄደ። ለሾፌሩ ሁሉም ሣር ነው። ጮህን፤ ሞተሩ ድምፃችንን ዋጠው። ታደሰ ሮጦ ከፊቱ ሲቆም ትራክተሩ የማሳው ጫፍ ደርሷል።

በእኛ አገር ወሰን ማለፍ ምን እንደሆነ ለምታውቁት አላስረዳም። ለማታውቁት፣ ብዙ ሰው ተቀብሮበታል።

ምናለ ከቤቱ ዱላውን ይዞ ሲወርድ አየነው። ቢሮጥ ይሻለን ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ታደሰ ባዶ እጁን ቆሞ ጠበቀው። የሺ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መንገድ ላይ ቆመችበት፤ ዞሯት አለፈ። እኔ ጥፋቱ የማንም አለመሆኑን ላስረዳ ስለ ማጨጃው አሠራር ማብራራት ጀመርኩ።

ምናለ ደርሶ የወደቀውን ሣር ቁልቁል አየ። የታጨደው የሱ ሣርና ጎማው የደፈጠጠው የወንድሙ ሣር ተደራርቦ ተኝቷል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ምልክት የለውም። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አነሣና መድረቁን ዳሰሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ጉና ተመለከተ። ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና ተራራውን ግማሽ ድረስ ሸፍኖ ወደኛ እየወረደ ነበር። ታጭዶ መሬት ላይ እንደተኛ ዝናብ ያገኘው ሣር ይበሰብሳል።

«ወንድም ጋሼ፣ ይህ ሊዘንብ ነው» አለ። «መንሽህ የት አለ?»

ከአባታቸው ተዝካር ወዲህ ወንድም ጋሼ ብሎት አያውቅም። «ከበረቱ ጥግ» አለ ታደሰና ራሱ ሊያመጣው ሮጠ። የሺ በቆመችበት ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሾፌሩን ወሰን ሳትል ሁሉንም እጨደው አሉት። ከወዲያ ማዶ ሆኖ ያየን ዘመድ ሁሉ ወረደ፤ ወገቡን ያመመው ሰውዬ እንኳ መንሹን ተሸክሞ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። የሁለቱን ሣር በአንድ ክምር ከመርነው። ዝናቡ የደረሰው የክምሩ አናት ሲታሰር ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ለመጨረስ ተቀመጡ። ወሰኑን በመሬቱ ላይ ተገኝተው ሊተክሉ ተስማሙ፤ የቀረው እርቅ ነው። ግን ጥፋተኛ የሌለበት እርቅ እንዴት ይፈጸማል? ታደሰ አልበደልኩም አለ፤ ወንድሜም አልበደለኝም አለ። ምናለም ቃል በቃል እንደዚያው። ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ። ከመካከላቸው አንዱ ለመሆኑ ያንን ማጨጃ የመረጠው ማነው ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ ባለቤቴም ጭምር።

ጾሙ ሳይገባ የእርቁን በግ እንዳቀርብ ተፈረደብኝ። አቀረብኩ። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጎራረሱ ዋሉ። ምናለ በስተመጨረሻ የጋጠውን አጥንት አስቀምጦ እጁን ጠራረገና በታላቅ አክብሮት ወደኔ ዞረ።

«አማቻችን» አለኝ፣ «ለከርሞም ማጨጃውን አንቱው ይምረጡልን።»