ሽማግሌ የሚልክ ባክቴሪያ

ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው አለ፤ አንኳኩቶ የሚገባም አለ። ደጅ ላይ ቆሞ «አሁን ባንኳኳ ይከፋቸው ይሆን? ምሳ ላይ ቢሆኑስ? በሩስ የእነሱ መሆኑ ተረጋግጧል?» እያለ የሚያሰላ ሦስተኛ ዓይነት ሰው መኖሩን ግን ማንም አያነሳም። ለምን ያንሳ? ሰውየው ገብቶ አያውቅማ! ዛሬ ስለዚህ ወገኔ ላውራ።

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይቼ የባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ የምማርበት ጊዜ ነበር። ለሴሚናር የደረሰኝ ርዕስ፣ ሆድ የሚያውክ አንድ ባክቴሪያ ወደ አንጀታችን ሴል የሚገባበት ዘዴ ነው። ነገሩ ይደንቃል። ይህ በዓይን የማይታይ ፍጡር በር አይሰብርም። ሴሉ ደጅ ደርሶ ከገላው እንደ መርፌ የቀጠነች ቱቦ ይተክልና በእሷ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ውስጥ ይልካል። ፕሮቲኖቹ ገብተው የቤቱን ማገርና ወጋግራ ያግባባሉ። ከዚያ ግድግዳው ራሱ እጁን ዘርግቶ ባክቴሪያውን አቅፎ ያስገባዋል። አስቡት እንግዲህ፤ ልብ የሌለው፣ አንጎል የሌለው፣ ዲግሪ የሌለው ፍጡር!

ንግግሬን አስቀድማ ያደመጠችልኝ የክፍሌ ልጅ ባንቻየሁ ናት። የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ ናት፤ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። እንደምወዳት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሷም ጭምር። በቂ ማስረጃ አልነበረኝም። የምትስቀው ለእኔ ነው ወይስ ለሁሉም? ይህን ለመለየት እኔ በሌለሁበት ስትስቅ ማየት ያስፈልጋል። በሌለሁበት ደግሞ እንዴት አድርጌ አያለሁ?

አድምጣኝ ስትጨርስ፣ «በላ፣ ሽማግሌ ልኮ ነዋ የሚገባው!» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ባክቴሪያ እንኳ ሽማግሌ ይልካል፤ ምነው ሰው ፈራ?» አለችኝ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ንጽጽሩ ትክክል አይደለም አልኳት። ሽማግሌ ይጠይቃል፣ ባለቤቱም እምቢ ማለት ይችላል፤ ፕሮቲኖቹ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም ብዬ አብራራሁ። መርፌዋ የጠፋችበት ባክቴሪያስ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ። አይሞትም፣ ደጅ ለደጅ ሲንሳፈፍ ይቀራል አልኳት። «ሲያሳዝን!» አለች፣ እኔን እኔን እያየች። የሚያሳዝን ነገር እንደሌለው፣ ነርቭ ስለሌለው እንደማይሰማው አረጋገጥኩላት። «እሺ መምህር» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ማታ እራት ላይ ለደሳለኝ ነገርኩት። ደሳለኝ አንድ ግቢ የተከራየን የክፍላችን ልጅ ነው፤ በላቦራቶሪ ሳህኖቹ ላይ ምልክት ሳያደርግ ባክቴሪያ የሚያሳድግ፣ ከዚያ የቱ የቱ እንደሆነ በግምት የሚለይ ሰው። የከፋው ደግሞ ግምቱ ልክ መሆኑ ነው። ሳይንስን ወደ ሽማግሌ ጨዋታ አወረደችው ብዬ ስከስሳት የጎረሰውን ሳይውጥ ሳቀ። «ባንቻየሁ እንዲህ ትቀልዳለች እንዴ? እኔኮ ኮስታራ መስላኝ ነው የምሸሻት» አለ። ከዚያን ቀን ወዲያ መሸሹን ተወ። መብራት ጠፍቶ ላቦራቶሪ ቁጭ ስንል እሱና እሷ ሲሳሳቁ እሰማ ጀመር። በጨለማ አፏን ትሸፍን አትሸፍን ማየት አልቻልኩም።

በዓመቱ ደሳለኝ ወደ ክፍሌ መጥቶ ሽማግሌ ልልክ ነው አለኝ። አከራያችን አያ ታከለና አንድ ቄስ ይሄዳሉ፤ ሦስተኛው አንተ ነህ፣ የኛን ትምህርት ለአባቷ የሚያስረዳ ጠንቃቃ ሰው ያስፈልጋል አለኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት መስጠት ሊኖርብኝ ነው። ምክንያቴን ደግሞ ለእሷ ሳልናገር ለእሱ እንዴት ልናገር? እሺ አልኩ።

አምባ ጊዮርጊስ ደርሰን እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለን ቆምን። አባቷ አያ ፈንታሁን ቃላችንን ሰምተው፣ «ልጄን በደንብ እንደሚይዛት በምን አውቃለሁ?» አሉ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እኔ ቀደምኩ። መብራት ሲጠፋ ከላቦራቶሪ ብቻዋን እንዳትወርድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል አልኩ። የደከማት ቀን ቀኝ ትከሻዋን እንደምትይዝ ያውቃል አልኩ። ስትስቅ አፏን በመዳፏ እንደምትሸፍን፣ እጇ እስኪወርድ ድረስ እንደሚናፍቅ ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥርቼ ተናግሬ አላውቅም። የተቀየረ ነገር ቢኖር ስሙ ብቻ ነው።

አያ ፈንታሁን አያ ታከለን ዘወር ብለው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ሸጋ! ይኸን ሁሉ እሱ ነው የነገረህ?» አሉኝ።

አዎ አልኩ።

«እንግዲያው ልጅቷ እሺ ካለች ምን እላለሁ፤ ተቀመጡ» አሉ።

እሺታዋ ከጓዳ መጣ። እጅ ልታስታጥበን ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። የእኔ ተራ ሲደርስ ውኃውን ቀስ ብላ እያፈሰሰች፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «ያኔ ንጽጽሩ ትክክል አይደለም ብለኸኝ ነበር» አለች።

«ተሳስቼ ነበር» አልኩ። ውኃው አለቀ።

ወደ ጎንደር በሚመልሰን አውቶቡስ ላይ ለሴሚናሩ አንብቤ፣ ሰዓት እንዳይሻማብኝ የዘለልኩት ነገር ትዝ አለኝ። በሩን ከሚያስከፍቱት ፕሮቲኖች አንዱ ወደ ላከው አይመለስም። እንግዳው ከገባ በኋላ ሥራው ስላለቀ ሴሉ እዚያው ውስጥ ያፈርሰዋል። ንጽጽሩ እስከዚህ ድረስ ልክ ይሆናል ብሎ ማን ጠረጠረ?

አያ ታከለ በስኬታችን ደስ ብሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አንተ እንዲህ አንደበት እያለህ ምነው ዝም አልክ? በል፣ አሁን ያንተ ተራ ነው፤ የማንን ደጅ እንጥናልህ?» አሉ።

በመስኮቱ ወደ ኋላ የሚቀረውን የአምባ ጊዮርጊስን መንገድ አየሁና፣ ገና እያጠናሁት ነው አልኳቸው።