ጋሼ ጉደታ የመረጡት ኮንደንሰር

ሰው የማያውቀውን ነገር የሚመዝነው በሚያውቀው ነው። ልብስ ሰፊ አዲስ ሹም ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ትከሻውን ነው፤ የኮቱን አሰፋፍ ካልወደደ ሰውየውንም አያምነው። የበቅሎ ነጋዴ የጭነት መኪና ሲያይ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ለማየት ትንሽ ይቀረዋል። እኔስ ብሆን? ሬዲዮ ሠሪ ነኝና ሰው ሲያናግረኝ የሚለውን ትቼ ድምፁ ይሻክራል ወይስ ጥርት ይላል እያልኩ ነው የማዳምጠው። ስለዚህ በጋሼ ጉደታ አልፈርድም። አልፈርድም ማለት ግን አላወራም ማለት አይደለም።

ጋሼ ጉደታ የመቱ ቡና ነጋዴ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ እሳቸው ቡናውን ጥሩ ነው ካሉ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ካሉም ይግባኝ የለውም። ከያዮ የመጣ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ሲቀርብላቸው ከጆንያው ይዘግኑና ጆሯቸው ሥር ያንቀጫቅጩታል፤ ያሸቱታል፤ ፍሬውን በጥርሳቸው ሰበር ያደርጉታል። ከወደዱት «ፉርዳ» ይላሉ። ፉርዳ በኦሮምኛ ወፍራም ማለት ነው፤ በእሳቸው አፍ ግን ከዚያ በላይ ምስጋና የለም። በሬውም፣ ሙክቱም፣ ማር የሞላው ቅልም ፉርዳ ከሆነ አለፈ። እኔ ደግሞ ምን ላድርግ፣ ቀበቶዬ ሁለት ዙር የሚዞረኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ልጃቸውን ብዙነሽን ፈልጌ ሽማግሌ ብልክባቸው እምቢም እሺም ሳይሉ «እስቲ መጀመሪያ ሥራውን ልየው» ብለው መለሷቸው።

የሚያዩበት ቀን አልዘገየም። የብዙነሽ ታላቅ እህት ሠርግ ደረሰ። ሙሽራው የሁሩሙ ሰው ነው፤ አንገቱ የግራር ግንድ የሚያህል፣ እንደ አማቱ አባባል ፉርዳ። መቱ ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ ደግሞ አንድ የኔው ብቻ ነው፣ ጅማ ሙያውን ያስተማረኝ ጣሊያን አገሩ ሲገባ ያስታቀፈኝ። ከወፍጮ ቤቱ ሞተር መብራት ስበን ዳሱ ሥር ተከልኩት። ገና ሳበራው እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ጀመር። ኮንደንሰሩ ደክሟል ማለት ነው። ኮንደንሰር አውራ ጣት የምታህል ቆርቆሮ ናት፤ ኤሌክትሪኩን አጠራቅማ ረጋ አድርጋ ትለቀዋለች። እሷ ስትታመም ማሽኑ ዘፈኑን ትቶ የራሱን ብሶት ያሰማል።

ትርፍ ሁለት ነበረኝ፣ ከሞቱ ሬዲዮኖች የነቀልኳቸው። አንዱ ቀጭን፣ ሸንቃጣና ጤነኛ ነው። ሌላው ለመጣል ሰንፌ ሣጥኔ ውስጥ የከረመ፣ ሆዱ የተነፋ። ያበጠ ኮንደንሰር ውስጡ ያለቀለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ጅማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ብቻ ቀጭኑን ላነሳ ስል ጋሼ ጉደታ ከእንግዶቻቸው ጋር መጥተው ከጎኔ ቆሙ፤ ሁለቱንም ከፊቴ አነሱ። ጆሯቸው ሥር አንቀጫቀጯቸው። አሸተቷቸው። ቀጭኑን በጥርሳቸው ነከስ አደረጉና ሳይበስል የተለቀመ ነው አሉ። ያበጠውን በመዳፋቸው መዘን መዘን አድርገው ፊታቸው በራ፤ ፉርዳ ተባለ።

እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ጋሼ፣ የዚህኛው እንኳ ውፍረት ሳይሆን ሕመም ነው አልኳቸው። ቀበቶዬን አንዴ ገረመሙና ቀጭን ሰው ወፍራም ነገር አይወድም አሉ። እንግዳው ሳቀ። ከዚያ ኮንደንሰሩን ከፍ አድርገው፣ ይቺን የመረጥኳት እኔ ነኝ እያሉ ለሁሩሙ ሰዎች አሳዩ። እንግዲህ አንባቢዬ አንተው ፍረድ፤ የምትመኛትን ልጅ አባት በገዛ ድግሳቸው፣ በአማቾቻቸው ፊት ትከራከራለህ? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ያበጠው ይፈንዳ አልኩና ያበጠውን በየድኩት።

የተረገመ ነገር፣ መጀመሪያ ሠራ። ሸክላው ዘፈነ፣ ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ ጋሼ ጉደታ አየህ በሚል ዓይን ደጋግመው አዩኝ። እኔ ራሴ የጣሊያኑን ትምህርት መጠራጠር ጀመርኩ። ሙሽሮቹ ሊሸኙ ሲሉ አባት ማይክሮፎኑን ጨብጠው ሊመርቁ ቆሙ። ውለዱ አሉ፤ ዳሱ አሜን አለ። ክበዱ ሲሉ ኮንደንሰሩ እንደ ጥይት ጮኸና ፈነዳ። ጭሱ የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል፤ ሚዜዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ በሩ ሸሹ። የሁሩሙ ሰዎች እኔን አላዩኝም፤ መራጩን ነበር ያዩት። ጋሼ ጉደታ ማይክሮፎኑን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። የዚያን ያህል የሚኮሩ ሰው እንዲያ ሲያንሱ አንጀቴን በሉት። ብዙነሽ የጠላ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ አባቴ ዛሬ ካፈሩ እኔንም እርሳኝ አለችኝ።

ተነሣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ፤ ጋሼ የመረጡት ሌላውን ነበር፣ እኔ በችኮላ አምታትቼ የማይሆነውን በየድኩ። ቀጭኑን አውጥቼ ለሁሉ አሳየሁ። ዓይኑን ያላመነ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን አንድም ሰው አልተናገረም፣ መቱ ጨዋ አገር ናት። ማሽኑን አጥፍቼ፣ የተቃጠለውን ነቅዬ ቀጭኑን በየድኩ። ጋሼ ጉደታ ምርቃቱን ከውለዱ ጀመሩት፤ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ገበያው ድረስ ወረደ፣ ክበዱንም በሰላም አለፉት።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቼ እሺ ተብለው ተመለሱ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ሌት ተቀን አልቻልኩትም። ያን ቀን ያደረግኩላቸው ውለታ ገብቷቸው ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። ኋላ ግን አንደኛውን ሽማግሌ ጋሼ ምን ብለው እንደፈቀዱ ብጠይቃቸው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ጋሼ ጉደታ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ጥፋቱን ያምናል፤ ግን መርጬ እጁ ላይ ያስቀመጥኩለትን እንኳ አያስተውልምና ብቻውን ከተተወ አገር ያቃጥላል፣ ብዙነሽ ትጠብቀው ብለው ነው ለካ የሰጡኝ። ብዙነሽም የአባቷን አደራ አልበላችም፤ ዛሬም ብየዳ ልጀምር ስል ከኋላዬ ትቆምና አባባ የመረጡት የትኛው ነው ትለኛለች።